ለቢዝነስ ትንተና የትኛው ቴምፕሌት ይሻላል? አምስቱን በአንድ ጥያቄ ላይ ስንሞክራቸው

ከጥቂት ዓመታት በፊት 32 ገጽ የሆነ የቢዝነስ ትንተና አስረክቤ ነበር። ቴምፕሌቱ የታወቀ ነው። አንድም ሳጥን ባዶ አልቀረም። ሠንጠረዡም ያምራል። የሥራ ኃላፊዋ እስከ መጨረሻው ገጽ አገላብጠው አዩትና "እሺ፣ ታዲያ ምን እናድርግ?" አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሳጥን ስሞላ ከርሜ ጥያቄውን ሳልመልስ ነው የመጣሁት።

ከዚያ በኋላም ቴምፕሌት መጠቀም አልተውኩም። እንዲያውም በብዛት እጠቀማለሁ። ባዶ ገጽ ላይ ሐሳብ ይበታተናል፤ ትልቁ ነገር ተረስቶ ትንሹ ሦስት ገጽ ይይዛል። ጥሩ ቴምፕሌት ከዚህ ያድናል። አሁን የማደርገው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ፋይሉን ከመክፈቴ በፊት የሚወሰነውን ጉዳይ በአንድ ዓረፍተ ነገር እጽፋለሁ። ቴምፕሌት የምመርጠው ያንን ዓረፍተ ነገር አይቼ ነው።

ንጽጽሩ በአየር ላይ እንዳይሆን አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። የቢሮ ወንበር የሚያመርት ድርጅት አለ እንበል። እስካሁን የሚሸጠው በአከፋፋዮች በኩል ብቻ ነው። አሁን ለተጠቃሚው በቀጥታ መሸጥ አማረው። ጥያቄው "በሚቀጥለው ዓመት ቀጥታ ሽያጭ እንጀምር ወይስ ይቅር?" የሚል ነው። በጣም የተለመዱትን አምስት ቴምፕሌቶች በዚሁ ጥያቄ ላይ እንሞክራቸው።

ስዎት፦ ሁሉም የሚያውቀው

አራት ሳጥን ነው። ጥንካሬና ድክመት ከውስጥ፣ መልካም አጋጣሚና ስጋት ከውጭ። ትልቁ ጥቅሙ ማንም ሰው በአምስት ደቂቃ የሚገባው መሆኑ ነው። ስብሰባ ላይ ሂሳብ ሠራተኛውም፣ የሽያጭ ሠራተኛዋም፣ የመጋዘን ኃላፊውም እኩል ይናገራሉ። ሰዎች በሆዳቸው የያዙትን ለማውጣት ከስዎት የተሻለ አላየሁም።

ችግሩ ሳጥኑ የሰጡትን ሁሉ መቀበሉ ነው። "ጥሩ የሥራ ቡድን አለን።" "ከፍተኛ ውድድር አለ።" ይህን የማይጽፍ ድርጅት የት አለ? በወንበሩ ምሳሌ ደግሞ መጀመሪያ የሚጻፈው "ጥራት ያለው ምርት" የሚለው ነው። ጥራት ያለው ከማን ጋር ሲወዳደር? በምን ተለክቶ? ይኸው መስመር "ባለፈው ዓመት ከሸጥናቸው 1,000 ወንበሮች ለጥገና የተመለሱት 18 ናቸው" ተብሎ ቢጻፍ ሌላ ነገር ይሆናል። ቀጥታ ሽያጭ ከጀመርን የጥገናው ጣጣ በእኛ ትከሻ ላይ ነው የሚወድቀው። ስለዚህ 18 የሚለው ቁጥር ውሳኔውን በቀጥታ ይነካል። "ጥራት" የሚለው ቃል ግን ምንም አይነካም።

ይህ የእኔ ቅሬታ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1997 ሂል እና ዌስትብሩክ የተባሉ ተመራማሪዎች ስዎት የሠሩ የብሪታንያ ኩባንያዎችን አጥንተው ነበር። ያገኙት ረጃጅም ዝርዝርና ጥቅል ቃላት ነው። ከሁሉ የሚያሳዝነው ደግሞ ውጤቱን በኋላ ስትራቴጂያቸውን ሲያወጡ የተጠቀመበት አለመኖሩ ነው።

መፍትሔ ግን አለው። እያንዳንዱ መስመር ቀጥሎ "ስለዚህ" የሚል ቃል ይጻፍበት። ከ"ስለዚህ" በኋላ የሚባል ነገር ከጠፋ መስመሩ ይሰረዝ። ሁለተኛው ዘዴ ሳጥኖቹን ማጋጠም ነው። ይህንን ሃይንዝ ዋይሪክ የተባሉ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1982 በሥርዓት አቅርበውታል። ጥንካሬን ከስጋት ጋር፣ ድክመትን ከመልካም አጋጣሚ ጋር እያገጣጠሙ ምን ይሠራ ብሎ መጠየቅ ነው።

በወንበሩ ላይ እንየው። ጥንካሬ፦ በትእዛዝ፣ በተጠቃሚው ቁመትና ክብደት ልክ ወንበር መሥራት እንችላለን። ስጋት፦ በቀጥታ መሸጥ ስንጀምር አከፋፋዮቻችን ያኮርፋሉ። ለየብቻ ሲነበቡ ሁለት ተራ መስመሮች ናቸው። ሲጋጠሙ ግን ሐሳብ ይወልዳሉ። አከፋፋዮች በትእዛዝ የሚሠራ ወንበር አይዙም። ስለዚህ በትእዛዝ የሚሠራውን ሞዴል ብቻ በቀጥታ ብንሸጥስ? ይህ ሐሳብ ከአራቱ ሳጥኖች አንዱም ውስጥ አልነበረም። የወጣው ከመጋጠሚያው ነው።

ፔስትል፦ ሩቁን ለማየት

ፖለቲካ፣ ኢኮኖሚ፣ ማኅበራዊ ሁኔታ፣ ቴክኖሎጂ፣ አካባቢ፣ ሕግ። መነሻው ፍራንሲስ አጊላር የተባሉ የሃርቫርድ መምህር እ.ኤ.አ. በ1967 ያቀረቡት አራት ክፍል ያለው አሠራር ነው፤ ሌሎቹ ክፍሎች በኋላ ተጨመሩበት። ወደማታውቁት ገበያ ስትገቡ፣ ወይም ለአምስትና ለአሥር ዓመት የሚቆይ ፋብሪካ ስታቅዱ፣ ይህን መዝለል አደጋ አለው። የሕጉ ክፍል ብቻውን አንድን ፕሮጀክት ሊያስቆም ይችላል።

ለወንበሩ ጥያቄ ግን ከስድስቱ ሁለቱ ብቻ ናቸው የሚጠቅሙት። አንዱ ሕግ ነው፦ በቀጥታ ለተጠቃሚ ስንሸጥ ዕቃ የመመለስ መብቱና ዋስትናው እኛን ይመለከታል። ሌላው ኢኮኖሚ ነው፦ ማድረሻውን የሚወስነው የነዳጅ ዋጋ ነው። አንድ ሰዓት ይበቃዋል። የቀሩትን አራት ሳጥኖች በግድ መሙላት የአንባቢን ጊዜ መብላት ነው።

አምስቱ ኃይሎች፦ ትርፉ የማን ኪስ ይገባል?

ማይክል ፖርተር እ.ኤ.አ. በ1979 በሃርቫርድ ቢዝነስ ሪቪው ላይ ያወጡት ነው። ነባር ተፎካካሪዎች፣ ወደ ዘርፉ የሚገቡ አዳዲስ ድርጅቶች፣ ተተኪ ምርቶች፣ የአቅራቢዎች ጉልበት፣ የገዢዎች ጉልበት። ብዙ ሰው ይህን የድርጅቱን ተፎካካሪዎች ስም ዝርዝር ለማውጣት ይጠቀምበታል፤ ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። ቴምፕሌቱ የሚመረምረው አንድን ድርጅት ሳይሆን የሥራ ዘርፉን ነው። ጥያቄውም "በዚህ ዘርፍ ውስጥ ከሚፈጠረው ትርፍ ማን ምን ያህል ይወስዳል?" የሚል ነው።

በዚህ ዓይን ስናየው የወንበሩ ታሪክ ይቀየራል። የእኛ ገዢ ማን ነው? ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ሰው መስሎን ነበር። አይደለም። ገንዘብ የሚከፍለን አከፋፋዩ ነው። ከምናመርተው 70 በመቶውን ሦስት አከፋፋዮች የሚወስዱት ከሆነ ጉልበቱ በእነሱ እጅ ነው። ዋጋ ቀንሱ ሲሉን እንቀንሳለን። ይህ ቀጥታ ሽያጭ ለመጀመር ትልቅ ምክንያት ነው። በዚያው ልክ ላለመጀመርም ትልቅ ምክንያት ነው፤ ከሦስቱ አንዱ ቢቀየመን ፋብሪካው ይንገዳገዳል።

ስዎት ይህን አላሳየንም ነበር። እዚያ "አከፋፋዮች ያኮርፋሉ" የሚል አንድ መስመር ብቻ ነው የነበረው። እዚህ ግን ነገሩ የቱን ያህል እንደሚከብድ ታየ። አምስቱን ኃይሎች የምወዳቸው ለዚህ ነው። ያም ሆኖ ምን እናድርግ ለሚለው መልስ የላቸውም። የቆማችሁበትን መሬት ያሳያሉ፤ በየት በኩል እንደምትሄዱ አይነግሩም።

ቢዝነስ ሞዴል ካንቫስ፦ አንዱ ሲነካ ሌላው ሲንቀሳቀስ

ይህ አሌክሳንደር ኦስተርዋልደር ስዊዘርላንድ ውስጥ በሎዛን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2004 ካጠናቀቁት የዶክትሬት ሥራ የተወለደ ነው። አንድ ገጽ ላይ ዘጠኝ ሳጥን፦ ደንበኞች፣ ለደንበኛው የምንሰጠው ጥቅም፣ መሸጫ መንገድ፣ የደንበኛ ግንኙነት፣ ገቢ፣ ዋና ሀብት፣ ዋና ሥራ፣ አጋሮች፣ ወጪ። ሳጥኖቹ እንደ ስዎት ለየብቻ የተቀመጡ አይደሉም። አንዱ ሲነካ ሌላው ይንቀሳቀሳል።

የምመክራችሁ አንድ ሳይሆን ሁለት ካንቫስ እንድትሠሩ ነው። አንዱ የዛሬውን፣ አንዱ የወደፊቱን። ከዚያ የተለወጠውን ሳጥን ሁሉ በቀይ ቀለም ምልክት አድርጉበት። የወንበሩ ድርጅት "የምንለውጠው መሸጫ መንገዱን ብቻ ነው" ብሎ ነበር የተነሳው። ቀዩን ስናሰምር ግን ከዘጠኙ ሰባቱ ቀልተው ተገኙ። መሸጫ መንገዱ ተለወጠ። ስልክ የሚያነሳ ሰው አስፈለገ፤ የደንበኛ ግንኙነቱ ተለወጠ። ማድረስና መግጠም የራሳችን ሥራ ሆነ። መጋዘኑ ጠበበ። ዕቃ የሚያደርስ አጋር አስፈለገ። ወጪውም ገቢውም ሌላ መልክ ያዘ። ያልተነኩት ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ደንበኛና የምንሰጠው ጥቅም ብቻ ናቸው። "ትንሽ ለውጥ ነው" የሚል አለቃ ፊት ይህን ገጽ ማስቀመጥ ከብዙ ንግግር ይበልጣል።

ገና ያልተጀመረ ሥራ ከሆነ ደግሞ አሽ ሞርያ የሠሩት ሊን ካንቫስ አለ። ከዘጠኙ አራቱን አውጥቶ ችግር፣ መፍትሔ፣ ዋና መለኪያና ሌላው በቀላሉ የማይቀዳው ብልጫ የሚሉ ሳጥኖችን ተክቷል። ደንበኛው ማን እንደሆነ እንኳ በውል ላልታወቀበት ሥራ እሱን ያዙ።

የካንቫስ ጉድለቱ ሁለት ነው። ለተፎካካሪ የሚሆን ሳጥን የለውም። ሁለተኛ፣ ቁጥር አይጠይቅም። "ወጪ፦ ማድረሻ" ብሎ ጽፎ ማለፍ ይቻላል። ስንት? ብሎ የሚጠይቅ የለም።

የጥያቄ ዛፍ፦ ዋናው ምርጫዬ

ይህ የተዘጋጀ ሳጥን የለውም። ላይኛው ላይ የሚወሰነውን ጥያቄ ትጽፋላችሁ። ከሥሩ "መልሱ አዎ እንዲሆን ምን ምን እውነት መሆን አለበት?" ብላችሁ ሦስት ወይም አራት ቅርንጫፍ ታወጣላችሁ። እያንዳንዱን ቅርንጫፍ በመረጃ ሊመለስ እስኪችል ድረስ ትሰነጥቁታላችሁ። አማካሪዎች ብዙ የሚሠሩበት ነው።

ለወንበሩ አራት ቅርንጫፍ ወጣ። በቀጥታ የሚገዛን ሰው አለ ወይ? ከእያንዳንዱ ወንበር ይተርፈናል ወይ? አከፋፋዮች ይቀጥላሉ ወይ? ሥራውን ለመሥራት አቅም አለን ወይ? ሁለተኛውን ቅርንጫፍ ጠጋ ብለን እንየው፤ የዚህ ሁሉ ቁልፍ ያለው እዚያ ነው።

ሂሳቡ እንዲቀል ተጠቃሚው ለወንበሩ የሚከፍለውን ዋጋ 100 እንበል። አከፋፋዩ በ70 ይወስደዋል። ለማምረት 55 ይፈጃል። ስለዚህ በአከፋፋይ በኩል ከአንድ ወንበር 15 ይተርፈናል። በቀጥታ ስንሸጥ 100 በሙሉ ይገባል። ግን ማድረሻ 12፣ ማስታወቂያ 9፣ ለተመላሽና ለጥገና 4 ይወጣል። ድምሩ 25። ከ100 ላይ 55 እና 25 ሲነሳ 20 ይቀራል። ከ15 ይሻላል። ከዚህ በተጨማሪ በየወሩ የማይቀር ቋሚ ወጪ አለ፦ ሁለት ሠራተኛ፣ ሲስተም፣ የመጋዘን ኪራይ። እሱን 1,000 እንበል።

በወር ስንት ወንበር ብንሸጥ ነው ወጪያችንን የምንመልሰው? አብዛኛው ሰው 1,000 ን ለ20 ያካፍልና 50 ይላል። 50 ወንበር ቀላል ነው፣ እንጀምር ይባላል።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። 50 የሚለው መልስ ልክ የሚሆነው ገዢዎቹ ሁሉ አዲስ ከሆኑ ብቻ ነው። ትናንት ከአከፋፋዩ የሚገዛው ሰው ዛሬ ወደ እኛ ቢዞርስ? ከእሱ 15 ድሮም እናገኝ ነበር። አሁን 20 አገኘን። የጨመርነው 5 ብቻ ነው። 1,000 ን ለ5 አካፍሉት፤ 200 ይመጣል። 50 እና 200 አንድ አይደሉም። አንደኛው "እንጀምር" የሚያሰኝ፣ ሌላው "ይቅርብን" የሚያሰኝ ቁጥር ነው።

ስለዚህ ትንተናው ሁሉ ተጨምቆ አንድ ጥያቄ ላይ ደረሰ፦ የሚመጡት ገዢዎች አዲስ ናቸው ወይስ በር የቀየሩ ነባር ደንበኞች? ይህንን የሚጠይቅ ሳጥን ስዎት ውስጥ የለም። ፔስትል ውስጥም፣ አምስቱ ኃይሎች ውስጥም፣ ካንቫስ ውስጥም የለም። ዛፉ ግን መረጃ የሚያስፈልግበትን ቦታ በጣት ያሳያል። ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ማንበብ አያስፈልግም፤ ወጥቶ ገዢዎችን መጠየቅ ነው።

ዛፉም ቀላል እንዳይመስላችሁ። ጥያቄው ድፍን ያለ ከሆነ ቅርንጫፍ አይወጣውም። "ድርጅቱ እንዴት ነው?" የሚል ጥያቄ ላይ ዛፍ መትከል አይቻልም። ሥራውን የማያውቅ ሰው ዋናውን ቅርንጫፍ ሊረሳ ይችላል፤ የሚያስታውሰው ሳጥንም የለም። እኔ ሦስት ጊዜ ሳልሰርዝ ዛፍ ጨርሼ አላውቅም። አንድ የሚረዳኝ ነገር ከጨረስኩ በኋላ ካንቫሱን ጎኑ አስቀምጬ "ያልነካሁት ሳጥን አለ?" ብዬ ማየቴ ነው።

ታዲያ የቱን ልያዝ?

ያልገባችሁ ነገር ምን እንደሆነ እዩ። ጥያቄው ራሱ ካልጠራ፣ ሰዎችን ሰብስቡና ስዎት ሥሩ። የምታስረክቡት ውጤት አድርጋችሁ ሳይሆን ወሬ ማስጀመሪያ አድርጋችሁ። ሜዳው እንግዳ ከሆነ ፔስትል። ሥራ እያለ ትርፍ ለምን እንደማይቀር ካልገባችሁ አምስቱ ኃይሎች። አንድ ለውጥ ምን ምን እንደሚያናጋ ለማየት ሁለት ካንቫስ። "እናድርግ ወይስ አናድርግ?" የሚል ውሳኔ ፊታችሁ ካለ ዛፉ፣ ሌላው ሁሉ ይቆይ።

ጊዜ ከሌላችሁ፣ ግማሽ ቀን ብቻ ካላችሁ፣ አሁንም ዛፉን ያዙ። ብዙ ሰው ጊዜ ሲያጥረው ወደ ስዎት ይሮጣል፤ ቶሎ ስለሚሞላ። ቶሎ ይሞላል፣ ግን ከተሞላ በኋላም ማሰቡ ገና አልተጀመረም። በአንድ ሪፖርት ውስጥ ደግሞ ከሁለት ቴምፕሌት በላይ አታስገቡ። አምስቱንም ደርድሮ ማቅረብ ትጋት ይመስላል፤ ያው አንድ ነገር በአምስት ስም ሲደጋገም አንባቢው ይደክመዋል።

ከኢንተርኔት የወረደ ወይስ ራስ የሠሩት?

የወረደውን መጠቀም ነውር የለውም። ግን ከማውረዳችሁ በፊት አራት ነገር እዩለት። የሚወሰነው ጥያቄ የሚጻፍበት ቦታ አለው ወይ? ቁጥሩ ከየት እንደመጣ የሚጻፍበት አለው? መረጃው የመቼ እንደሆነስ? ቀጣዩን ሥራ ማን፣ መቼ እንደሚሠራው የሚሞላበትስ? አብዛኞቹ ቀለማቸው ያማረ ሆኖ እነዚህን አራቱን አይዙም። ካልያዘ ራሳችሁ ጨምሩበት፤ ኤክሴል ላይ አራት ዓምድ መጨመር የደቂቃ ሥራ ነው። የማይመለከታችሁን ሳጥን ደግሞ ያለ ርኅራኄ ሰርዙ።

ቴምፕሌቱን በሰው ሠራሽ አስተውሎት ማስሞላትም አሁን የተለመደ ሆኗል። ለመነሻ ይጠቅማል፤ የረሳችሁትን ያስታውሳችኋል። የሚያስፈራው ሁሉም ሳጥን በአንድ ጊዜ፣ በሚያምር ቋንቋ መሙላቱ ነው። ባዶ ሳጥን "እዚህ መረጃ የለኝም" ብሎ ያስጠነቅቃችሁ ነበር። የተሞላው ሳጥን ያንን ይደብቃል። ከ1,000 ወንበር 18ቱ መመለሳቸውን የሚያውቀው የጥገና መዝገባችሁ ብቻ ነው።

ቴምፕሌቱ ታዝዞ ሲመጣ

ብዙ ቦታ ምርጫው የእናንተ አይደለም። "በስዎት አቅርቡ" ይባላል፤ ወይም መሥሪያ ቤቱ የራሱ ፎርም አለው። አትጣሉ። እንደታዘዘው ሙሉት። ከፊቱ ግን አንድ ገጽ ጨምሩ። ጥያቄው፣ መልሱ፣ ሦስት ምክንያት፣ መልሱን ሊያስቀይር የሚችለው ነገር፣ ቀጣዩ ሥራ ከነባለቤቱና ከነቀኑ። እስካሁን ይህን ገጽ አውጡ ያለኝ ኃላፊ አልገጠመኝም። እንዲያውም ስብሰባ ላይ ሁሉም የሚያነበው እሱን ነው፤ ሌላው አባሪ ሆኖ ይቀራል።

የወንበሩ ድርጅት ያ ገጽ እንዲህ ሊል ይችላል፦ "ቀጥታ ሽያጭ በሁሉም ምርት አይጀመር። በትእዛዝ የሚሠራው ሞዴል ብቻ ለሦስት ወር ይሞከር፤ አከፋፋዮች እሱን ስለማይዙ አይጎዱም። ለእያንዳንዱ ገዢ 'ይህ ሞዴል ባይኖር ሌላውን ወንበራችንን ከአከፋፋይ ይገዙ ነበር?' የሚል ጥያቄ ይቅረብለት፤ መልሱን የሽያጭ ክፍሉ ይመዝግብ። ግማሾቹ አዲስ ከሆኑ ከአንድ ወንበር በአማካይ 12.5 ስለምንጨምር በወር 80 ወንበር ወጪያችንን ይመልሳል። ከሩብ በታች ከሆኑ ከ110 በላይ ስለሚያስፈልገን ሐሳቡ ይቅር።"